ከጎንደር ተነስቶ በጉበት ምርምር ፖስት ዶክ፤ ወዴት ይኬዳል? ምን ይዞ?

የማራኪ ልጅ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ልጠይቅ። ሦስተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ትንሽ ነው የቀረኝ። የማጠናው ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸውን ሰዎች የመከላከያ ሴሎች ነው። ከዚህ በኋላ በፖስት ዶክ ምርምር እዚያው ጉበት ላይ መቀጠል እፈልጋለሁ። ቫይረሱን ብቻ ሳይሆን ጉበቱን ራሱን። ለምንድን ነው አንዱ በወጣትነቱ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ የሚመጣው፣ ሌላው ቫይረሱን ተሸክሞ እስከ ሽምግልና የሚኖረው?

ሰሞኑን አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በጉበት በሽታና ባዮሎጂ ፖስት ዶክ እንደሚያሠለጥን አንብቤ ልቤ ከጀለ። ሐኪሙንና ባዮሎጂስቱን አንድ ላይ ነው የሚያሠለጥኑት። ደመወዝም አለው። ግን ማን እንደሚገባ፣ ምን ይዤ እንደምሄድ፣ ስመለስስ እዚህ ጎንደር ምን እንደምሠራበት ግራ ገብቶኛል። የሄዳችሁም፣ የተመለሳችሁም፣ እዚያው የቀራችሁም ምክራችሁን ወዲህ በሉ።

ፋሲለደስ ታች · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

በዚህ ኔትወርክ ማስታወቂያውን ከፍተሽ ማንበብሽ ራሱ ፖስት ዶክ ነው።

ስደተኛው ፒፔት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኔ አሜሪካ አንድ የጉበት ላብራቶሪ ውስጥ ፖስት ዶክ ነኝ። የማውቀውን ልንገርሽ።

እንደዚያ ዓይነት ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) ለዩኒቨርሲቲዎች በሚሰጠው፣ ቲ 32 በሚባለው የሥልጠና ገንዘብ ነው። ጥሩ ፕሮግራም ነው። ግን የአሜሪካ ዜጋ ካልሆንሽ ወይም ግሪን ካርድ ከሌለሽ በዚያ ገንዘብ አትያዢም። ይህን ሳያውቁ ሙሉ ማመልከቻ ጽፈው፣ የድጋፍ ደብዳቤ ለምነው፣ መልስ ሲጠብቁ የከረሙ የአገሬ ልጆች አሉ።

በሩ ተዘጋ ማለት ግን አይደለም። በፕሮግራሙ ውስጥ የሚያሠለጥኑት ፕሮፌሰሮች የየራሳቸው የምርምር ገንዘብ አላቸው። በዚያኛው ከየትም አገር የመጣ ሰው ይቀጥራሉ። ስለዚህ ለፕሮግራሙ ሳይሆን ለፕሮፌሰሩ ጻፊ። አንዴ ከገባሽ የሠልጣኞች ዝርዝር ላይ ስምሽ ባይኖርም ሴሚናሩ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ጥናታዊ ጽሑፍ እየተነበበ የሚተችበት ጆርናል ክለቡም ላይ ትከራከሪያለሽ። እኔ የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ኤንአይኤች ለ2024 ያወጣው የጀማሪ ፖስት ዶክ ክፍያ በዓመት 61,008 ዶላር ነበር። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ያንን መነሻ ያደርጋል። ወደ ብር እየመታሽ እንዳትደሰቺ። ቦስተን ወይም ሳን ፍራንሲስኮ ከሆንሽ የቤት ኪራይ ይበላዋል።

ቪዛው ብዙውን ጊዜ ጄ 1 የሚባለው የልውውጥ ቪዛ ነው። በተመራማሪነት እስከ አምስት ዓመት ያስቆያል። አንዳንዱ ላይ «ስትጨርሺ ሁለት ዓመት አገርሽ ትኖሪያለሽ» የሚል ግዴታ አለበት። ሳትፈርሚ አንብቢው።

የማራኪ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። ስንት ሌሊት አተረፍክልኝ። የመመለሱ ግዴታ አያስፈራኝም፤ ለመሥሪያ ቤቴም የፈረምኩት ግዴታ አለብኝ። እኔን የሚያስጨንቀኝ የምማረው ነገር እዚህ ስደርስ ይሠራል ወይ የሚለው ነው።

የክፍል ሐኪም · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ላብራቶሪ ገብቼ ፒፔት ይዤ አላውቅም። ግን ያነሳሽው ጥያቄ ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል ውስጥ በየቀኑ የምጠይቀው ነው።

እኛ ጋ የሚመጣው የጉበት ታካሚ ብዙ ጊዜ ወጣት ገበሬ ነው። ሆዱ ተነፍቷል ወይም ደም አስታውኳል። ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ጊዜ ይገኝበታል። ጣና ዳር ካለ ቀበሌ ወይም ከሳንጃ በኩል ከመጣ ቢልሃርዝያንም አስባለሁ። ለአረም ወይም ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርዶ ከነበረ፣ ትኩሳት ካለውና ጣፊያው ካበጠ ደግሞ በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣውን ካላ አዛርን። ሁለቱ ወይም ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ላይ ላዩን አረቄ አለ፣ የሻገተ እህል አለ። መማሪያ መጽሐፉ ግን በአንድ ምዕራፍ አንድ በሽታ ነው የሚያስተምረው።

ቢልሃርዝያ ጉበትን የሚጎዳበት መንገድ ለብቻው ነው። የትሉ እንቁላል በትንንሾቹ የደም ሥሮች ዙሪያ ይሰነቀርና ጠባሳ ይሠራል። የጉበት ሴሎቹ ግን ብዙም አይነኩም። ስለዚህ የጉበት ምርመራ ውጤቱ ደህና የሚመስል ሰው ደም እያስታወከ ይመጣብሃል። በዚያው ጉበት ላይ ሄፓታይተስ ቢ ሲጨመር ጠባሳው እንዴት ይሄዳል? ይህን የሚመረምር ሰው እፈልጋለሁ። ቦስተን ውስጥ ይህን የያዘ ታካሚ በየሳምንቱ አይገባም፤ እኛ ጋ ግን ይገባል።

ሌላ ልጨምር። ጉበቱ ምን ያህል ጠባሳ እንደያዘ ለመገመት ኤፒአርአይ የሚባል ስሌት እንጠቀማለን። ኤኤስቲ የተባለው ኢንዛይምና የፕላትሌት ቁጥር ካለ በቂ ነው፤ የትም ሆስፒታል ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መነሻ የሚሆነው የኤፒአርአይ ቁጥር ከፍተኛ ነበር። በ2019 የታተመ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ጥናት መመሪያው ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ግማሹን ሳይለይ እንደሚያልፋቸው አሳየ። በ2024 ድርጅቱ አዲስ መመሪያ ሲያወጣ ሕክምና ለማስጀመር ኤፒአርአይ ከ0.5 በላይ መሆኑ በቂ ሆነ። በዚያ ጥናት ብቻ ተለወጠ አልልም። ግን የእኛ ታካሚ ደም የዓለምን መመሪያ ሲሞግት ታያለሽ። ለማንኛውም ፕሮፌሰር ስትጽፊ ከዚህ ጀምሪ።

ፋሲለደስ ታች · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

ዶክተር፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጠይቅ። ታካሚው የሚፈልገው ቴኖፎቪር ነው። መድኃኒቱ አለ፣ ክትባቱ አለ። ክትባቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ታዲያ አንዲት ልጅ ሁለት ዓመት አይጥ ጉበት ስትቆርጥ መዋሏ ለደንቢያ ገበሬ ምን ያመጣለታል? እየቀለድኩ አይደለም።

የማራኪ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልተቀየምኩም። ቴኖፎቪር ቫይረሱን ያስተኛዋል እንጂ አያጠፋውም። ቫይረሱ በጉበት ሴል ኒውክሊየስ ውስጥ ክብ ዲኤንኤ ሆኖ ይደበቃል። መድኃኒቱ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ይውጣል። አሁን ገበሬውን በየወሩ ከደንቢያ ጎንደር አመላልሰው፤ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ አስበው። ክትባቱም ከዚያ በፊት ለተወለደው አልደረሰም።

ጠባሳውን ደግሞ እይ። ጉበት ውስጥ ስቴሌት የሚባሉ ሴሎች አሉ። በደህናው ቀን ቫይታሚን ኤ ያከማቻሉ። ጉበቱ ሲቆስል ያንን ይጥሉና ኮላጅን ማምረት ይጀምራሉ። ጠባሳ የምንለው እሱ ነው። መንስኤው ቶሎ ከተወገደ ጉበቱ ጠባሳውን መልሶ ሊያሟሟው ይችላል። በየትኛው ታካሚ ይመለሳል፣ በየትኛው አይመለስም? ሁለት ዓመት ብሰጠው አይቆጨኝም።

የአዘዞዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔ የተማርኩት ሌላ ነገር ነው፣ ግን ክሩን ሳነብ ወንድሜ ትዝ አለኝ። አምና ዓይኑ ቢጫ ሆኖ «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ሰፈር ውስጥ ቅጠል ጨምቀው አጠጡት። ከዚያ ባሰበት፣ ሆስፒታል ገባ፣ አሁን ደህና ነው፣ ተመስገን። ቅጠሉ ይሆን ያባሰው? ደግሞ ይቅርታ አድርጉልኝና ፖስት ዶክ ማለት ምንድን ነው? ዶክተር ከሆኑ በኋላ ምን ይማራሉ?

የክፍል ሐኪም · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡50

እንኳን ዳነልሽ እህቴ። እሱን ሳላየው ቅጠሉ ነው ወይም አይደለም ማለት አልችልም። በራሱ የሚድን የቢጫነት በሽታ አለ፤ ጉበት የሚመርዝ ቅጠልም አለ። ሌላ ጊዜ ማንም ሰው እንደዚያ ከሆነ ቅጠሉን ይዛችሁ ኑ። አንቆጣም። ስሙን፣ ሲቻል ቁራጩን አሳዩን።

ነገሩ እንዴት እንደሚወሳሰብ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ አንድ ገጠር ውስጥ ሰው ሆዱ እያበጠ ይሞት ነበር። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው የሚታመምበት ጊዜ ነበር። ቫይረስ ነው ተባለ፣ ውሃ ነው ተባለ። ከአገር ውስጥም ከውጭም መርማሪ ሄደ። ዓመታት ፈጅቶ ጥርጣሬው አጀራተም በሚባል አረም ላይ አረፈ። አረሙ ከእህሉ ጋር ይታጨዳል፣ ይፈጫል፣ ይበላል። ውስጡ ያለው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ የጉበትን ትንንሽ የደም ሥሮች ይዘጋል። ይህን ለመፍታት የታካሚውን ጉበት የሚያይ ፓቶሎጂስት፣ አረሙን የሚለይ የዕፅዋት ባለሙያ፣ መርዙን የሚለካ ኬሚስትና ቤት ለቤት የሚሄድ የጤና ባለሙያ አንድ ላይ መሥራት ነበረባቸው።

ፖስት ዶክ ምንድን ነው ላልሽው፣ ሦስተኛ ዲግሪ ከያዙ በኋላ በሌላ ሰው ላብራቶሪ ውስጥ፣ በራስ ጥያቄ፣ ራስን ችሎ ለመውጣት የሚሠራበት ጊዜ ነው። ፈተናና ግሬድ የለውም። ጽሑፍ ታወጪያለሽ፣ የምርምር ገንዘብ መጠየቅ ትለምጃለሽ፣ ሌላ ሰው ታሠለጥኛለሽ።

አወያይ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ዶክተሩ በጨዋ መንገድ ስለመለሱ አልነካሁትም። ግን እባካችሁ የመድኃኒትና የቅጠል መጠን እዚህ አትጻፉ። ሁለት መልስ አንስቻለሁ። ስለ ፖስት ዶክ ይቀጥል።

ሰሜን በር · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡45

ሁሉም አሜሪካ አሜሪካ ይላል። እኔ አውሮፓ ነው የሠራሁት፣ ስለ እሱ ልናገር። ማሪ ስክሎዶውስካ ኩሪ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የፖስት ዶክ ድጋፍ ዜግነት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማመልከቻው እስኪዘጋ ሦስተኛ ዲግሪ መያዝሽን፣ ከዚያ ወዲህ ያለሽ የምርምር ልምድ ከ8 ዓመት አለመብለጡን፣ በምትሄጂበት አገር ደግሞ ባለፉት 36 ወራት ከ12 ወር በላይ አለመኖርሽን ነው። ማራኪ ተቀምጠሽ ይህኛው ችግር አይሆንብሽም። አውሮፓ ውስጥ ከ12 እስከ 24 ወር ያሠራል። ውድድሩ ከባድ ነው። ግን ማመልከቻውን ከተቀባዩ ፕሮፌሰር ጋር ስለምትጽፊው ባይሳካ እንኳ ሰውየውን አውቀሽው ትወጪያለሽ።

የአፍሪካ የጉበት ሰዎችም ሶልዳ የሚባል ማኅበር አላቸው፣ ጉባኤ ያደርጋሉ። ገብተሽ ተከታተዪ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከኖርዌይ ሰዎች ጋር በ2015 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራምም አለ፤ ታካሚ እያከሙ መረጃ እንዴት እንደሚያዝ ከዚያ ትማሪያለሽ። ቦስተን ከመድረስሽ በፊት አዲስ አበባ ድረሺ።

አንድ መራራ ነገር ልጨምር። ከአንድ የውጭ ቡድን ጋር ሠርተን ናሙናችን ሄደ። ጽሑፉ ሲወጣ ስማችን ምስጋናው ውስጥ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ናሙና ከመሄዱ በፊት ማን ምን እንደሚተነትን፣ የተረፈው የት እንደሚቀመጥ፣ ስም በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፍ በወረቀት ሳይሰፍር አንድ ቱቦ አላንቀሳቅስም። ፖስት ዶክ ስትገቢም እንደዚያው። «ስመለስ ይህን ፕሮጀክት ይዤ እሄዳለሁ ወይ?» ብለሽ በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ጠይቂ። ፊቱ ከተለወጠ ሌላ ፈልጊ።

ጋሽ ላብ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ልጆች፣ እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፣ ጡረታ ልወጣ ተቃርቤአለሁ። ፍሪዘር ሲጠፋ ሌሊት እየሮጥኩ ነው ያረጀሁት። ከውጭ የተማረ ሰው መጥቶ «ይህን ማሽን ግዙልኝ» ሲል ብዙ አይቻለሁ። ማሽኑ ይመጣል፣ ሪኤጀንቱ (የምርመራው ኬሚካል) ጉምሩክ ላይ ይሞቃል፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ ጨርቅ ይለብሳል።

ስለዚህ ልጄ፣ እዚህ የሚሠራ ነገር ተማሪ። ትኩስ የጉበት ሴል መለየት ኮላጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም ይፈልጋል፣ ኢንዛይሙ ከአንዱ ዙር ምርት ወደ ሌላው ይለያያል፣ የወጣውም ሴል ሳህን ላይ በጥቂት ቀን ውስጥ ጉበትነቱን ይረሳል። ያንን ተምረሽ እዚህ ብትመጪ ታለቅሻለሽ። በሰም ውስጥ የተቀበረ የታካሚ ሥጋ ቁራጭ፣ የፓራፊን ብሎክ የምንለው፣ ግን መብራት አይፈልግም። መደርደሪያ ላይ ዓመታት ይቀመጣል። ቆርጠሽ ታቀልሚዋለሽ፣ ታነቢዋለሽ።

ደግሞ ሐኪሙንና ባዮሎጂስቱን አንድ ላይ ያሠለጥናሉ ብለሽ ስትደነቂ አየሁ። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት እኮ ጤና መኮንኑን፣ የኮሚኒቲ ነርሱንና ሳኒቴሪያኑን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ገጠር ይልክ ነበር። ጉበቱ አዲስ ይሁን እንጂ ዘዴው የእኛም ነው።

ስደተኛው ፒፔት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡00

ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን በዚህ አልስማማም። «እዚህ የሚሠራውን ብቻ ተማሪ» ካልናት ሁልጊዜ ናሙና ሰብሳቢ ሆነን እንቀራለን። ነጠላ ሴል እየለየ የእያንዳንዱን ጂን የሚያነብ ቴክኖሎጂ ማወቅ አለባት። በእጇ ባትሠራው እንኳ ውጤቱን ራሷ መተንተን አለባት። ትንተናው የሚፈልገው ኮምፒውተርና ጭንቅላት ነው።

ሁለተኛ፣ ያሉት ፓራፊን ብሎክ ከእኔ ጋር እንጂ ከእኔ ተቃራኒ አይደለም። ዛሬ ከፓራፊን ብሎክ አርኤንኤ ይወጣል። ቁራጩ ላይ የትኛው ሴል ከየትኛው ጎን እንደተቀመጠ፣ ምን ጂን እንደከፈተ ማየት ይቻላል። ያ መደርደሪያ ወርቅ ነው።

ጋሽ ላብ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡15

እንደሱ ከሆነ ተስማማን። ብሎኩ እዚህ ይቆረጥ፣ የሚነበበው እዚያ ይነበብ፣ ተንታኟ የእኛ ልጅ ትሁን።

የማራኪ ልጅ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡40

ጋሼ፣ የሚያሳስበኝ ሌላም አለ። እስካሁን የሠራሁት ከደም ነው። ደም ውስጥ የማየው የመከላከያ ሴል ግን ጉበት ውስጥ ከተቀመጠው ጋር አንድ አይደለም። ለምርምር ብለን ደግሞ ሰው ጉበት ላይ ወፍራም መርፌ አንተክልም።

የክፍል ሐኪም · ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡10

ወፍራሙን ተዪው። በሌላ አገር የሄፓታይተስ ቢ ተመራማሪዎች በቀጭን መርፌ ከጉበት ጥቂት ሴሎች እየሳቡ ያጠናሉ። በወፍራም መርፌ ከሚወሰደው ባዮፕሲ ይልቅ ለታካሚው ይቀላል፣ ሊደገምም ይችላል። እዚህ ደግሞ ካላ አዛርን ለመለየት ጣፊያ በቀጭን መርፌ ሲሳብ የኖረ ነው። ጣፊያ ከጉበት ይልቅ ያስፈራል። ያንን የለመደ እጅ ይህን አያቅተውም። የሚጎድለን የተሳበውን ሴል በሰዓታት ውስጥ የሚያነብ ሰው ነው። ፖስት ዶክ ስትፈልጊ ይህን በእጁ የሚሠራ ላብራቶሪ ፈልጊ።

ካላ አዛርንም አትርሺ። ጥገኛው የሚኖረው ኩፕፈር በሚባሉት የጉበት ሴሎች ውስጥም ነው። በአይጥ ላይ ሲታይ ጉበቱ ጥገኛውን ከብቦ ራሱን ያጸዳል፣ ጣፊያው ግን ያቅተዋል፤ ጥገኛውን ይዞት ይቆያል። ለምን አንዱ አካል ቻለ፣ ሌላው አልቻለም? ይህን የሚጠይቅ የጉበት ባዮሎጂስት ከጎንደር ባይወጣ ከየት ይወጣል?

ሰሜን በር · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

ዶክተር ይህን ሲሉ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ትዝ አሉኝ። ከጆንስ ሆፕኪንስ ዶክትሬታቸውን ይዘው በተመለሱበት ዘመን፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ አድዋ ወንዝ ዳር ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከዚያ ነው እንዶድ የቢልሃርዝያ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያሳዩት። ሥልጠናው ባልቲሞር ነበር፣ ጥያቄው ግን ወንዙ ዳር። የማራኪ ልጅ፣ ደብዳቤሽን ስትጽፊ «ማንኛውም ርዕስ ላይ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አጥፊው። እንደዚያ የሚል ደብዳቤ በየቀኑ ይደርሳቸዋል።

ፋሲለደስ ታች · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡41

እሺ ተሸነፍኩ። የአይጥ ጉበቱን ቁረጪ።

የማራኪ ልጅ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ቲ 32ን ተውኩት። ቀጭን መርፌውን በሚሠሩ ላብራቶሪዎች ላሉ ጥቂት ፕሮፌሰሮች እጽፋለሁ። ጥያቄው ሄፓታይተስ ቢና ቢልሃርዝያ አብረው ያሉበት ጉበት ነው። ለኩሪውም በአንዳቸው በኩል አመለክታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ብሎኮቹ እኛ ጋ ስንት እንደሆኑ ማወቅ አለብኝ። ጋሼ፣ መዝገቡ ምን ይመስላል?

ጋሽ ላብ · ዓርብ፣ ከቀኑ 5፡20

በእጅ የተጻፈ ነው ልጄ። የአንዳንዱ ጽሑፍ ደግሞ የሐኪም ነው፣ ይቅር ይበለኝ። ወደ ኤክሴል የሚገለብጥ ትዕግሥተኛ ሰው ያስፈልጋል። የሚችል ካለ እዚሁ ይጻፍ።

የአዘዞዋ · ዓርብ፣ ከቀኑ 5፡48

እኔ ኤክሴል እሠራለሁ፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቅዳሜና እሑድ እችላለሁ።

የክፍል ሐኪም · ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡05

ተባረኪ። ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሳይወጣ መዝገቡን ማንም አይከፍትም፣ የታካሚ ስምም ከዚያ ክፍል አይወጣም። ኤክሴሉ ላይ የሚገባው ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ወረዳና ውጤቱ ብቻ ነው። ማመልከቻውን ከማራኪ ልጅ ጋር ሰኞ እንጽፈዋለን። ጋሽ ላብ፣ እርስዎም ይምጡ፤ ያለ እርስዎ ጽሑፉን የሚያነብ የለም።